አስታማሚው እንዳይወድቅ፦ የመርሳት ሕመም ያለበትን ወላጅ ቤት ውስጥ ለሚንከባከቡ ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ልደታ ወይም ቂርቆስ ውስጥ እናቱን ወይም አባቱን ሌት ተቀን ለሚያስታምም ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት፤ «አንቺ እኮ ቤት ነሽ» ተብላ ኃላፊነቱ ሳይታወቃት የተጣለባት። አንዳንዴ ምራት ናት፣ አንዳንዴ ራሷም ያረጀች ሚስት፣ አልፎ አልፎ ወንድ ልጅ። ጠያቂው ሁሉ «እማማ እንዴት ዋሉ?» ብሎ ይገባል፣ «እግዜር ይማራቸው» ብሎ ይወጣል። አስታማሚዋ ቡና አፍልታ፣ ሸኝታ ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች።

ሰው ሲሞትብን መደራጀት እንችልበታለን። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ማን እንደሚያድር፣ ማን እንግዳ እንደሚቀበል በግማሽ ሰዓት ይደለደላል። ዓመታት ለሚፈጅ ሕመም ግን እንዲህ ያለ ድልድል የለንም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ማስታመሙን ከአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ማውረድ።

አንደኛ፦ «እርጅና ነው» ብላችሁ ሳታልፉ አስመርምሩ

በእርጅና ስም መዘንጋት፣ መነጽር የት እንዳስቀመጡ መርሳት ያለ ነው። ዕድሜ ልክ ሲሠሩት የኖሩትን ወጥ ጨው ሦስቴ መጨመር፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የገዛ ሰፈር መጥፋት፣ ከሞተች የቆየች እህትን «ዛሬስ ለምን ቀረች?» ብሎ መጠበቅ ግን ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው። እኛ ዘንድ «ጃጁ» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ መሐል ሊታከም የሚችል ነገር ያመልጣል፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ ከወደቁ በኋላ ራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ ያልታከመ ቂጥኝ ወይም ኤችአይቪ፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት፣ እነዚህ ሁሉ የመርሳት ሕመም ሊመስሉ ይችላሉ። ስም ያልወጣለት ሕመም ቤተሰብም ያጣላል። «ሆን ብላ ነው» የሚል ቂም ከምርመራ በፊት የሚያድር ቂም ነው።

ይህ የመርሳት ሕመም፣ በሐኪሞች አጠራር ዲሜንሺያ የሚባለው፣ አንድ በሽታ አይደለም፤ ብዙ በሽታዎች የሚያመጡት የአእምሮ መዳከም ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከታማሚዎቹ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አልዛይመር ያለባቸው ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው ከአንጎል ደም ሥሮች መጎዳት የሚነሣው ነው፤ እሱ ላይ ደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት የለም። እንደ ዶኔፔዚል ያሉት ምልክቱን ለተወሰነ ጊዜ ያቀልላሉ እንጂ ሕመሙን አያቆሙም፤ «ይፈወሳሉ» ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው አትመኑ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር አጽፉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ይህን ቅደም ተከተል ዘላችሁ ሆስፒታል ብትሄዱ ሒሳቡ እናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ሕክምና ክፍል አለው። የሚያስቸግረው መቃዠት፣ መጠራጠር፣ ሌሊት መረበሽ ከሆነ አማኑኤልም ይታያል። አንዳንድ ቤተሰብ የአማኑኤልን ስም ሲሰማ ይሸማቀቃል፤ ለእናቱ እንቅልፍ መፍትሔ የፈለገ ሰው ምን የሚያሳፍር ነገር ሠራ? ዓይንና ጆሮም ይታዩ። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው መጋረጃን ሰው ብሎ ሊፈራ ይችላል፤ ለዓይን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የታወቀ ነው።

ሐኪሙ ጊዜ የለውም፣ ስለዚህ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጎረቤት የተሰጠውንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። መቼ እንደጀመረ፣ በድንገት ይሁን ቀስ በቀስ፣ ወድቀው ያውቁ እንደሆነ፣ እንቅልፋቸው እንዴት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ወረቀቱን ለሐኪሙ አቀብሉት። እሳቸው ፊት መናገሩ ያሳፍራቸዋል። ደግሞም ነጭ ጋዋን ሲያዩ ቀና ብለው ቁጭ ብለው «እኔ ደህና ነኝ፣ ይህቺ ልጅ ናት የምታካብደው» ሊሉ ይችላሉ፤ አብዛኛው አስታማሚ ይህን ያውቀዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ትናንት እንደ ወትሯቸው የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ከተምታታባቸው፣ ከፈዘዙ ወይም ከቃዡ «በሽታው ባሰባቸው» ብላችሁ አትጠብቁ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ውሃ ማነስ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱን ፈቃዳቸውን መግለጽ ሳያቅታቸው ጨርሱ

ይህን ወደ ፊት ያመጣሁት ጊዜ የማይጠብቅ ስለሆነ ነው። ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና መስጠት የሚችለው የሚፈርመው ነገር የሚገባው ሰው ብቻ ነው። ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳሉ፣ አእምሯቸው ጠራ ባለበት ጠዋት፣ ልጆቹ ሁሉ ባወቁት ሁኔታ ይደረግ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልናው ይቋረጣል። ስለዚህ ይህን ነጥብ ሰነዱ ላይ እንዴት ማስፈር እንደሚቻል የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ጊዜው ካለፈ የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ ክልከላ (ንብረታቸውን ራሳቸው እንዳያስተዳድሩ የሚል ውሳኔ) እንዲሰጥና በስማቸው የሚሠራ ሞግዚት እንዲሾም ማመልከት ነው፤ ይቻላል፣ ግን ረጅም ነው።

በመሐል ከተማ ከዚህ ጋር የሚነካካ ሌላ ጉዳይ አለ። ብዙ አረጋውያን የሚኖሩት በስማቸው በተያዘ የቀበሌ ቤት ወይም የቆየ ይዞታ ላይ ነው። የወረዳ ሰው በር አንኳኩቶ «ባለቤቱ ይምጡና ይፈርሙ» ቢል ማን እንደሚሄድ፣ ካርታው ወይም የኪራይ ደብተሩ የት እንዳለ፣ ጡረታቸውን ማን እንደሚያወጣ አሁኑኑ ተነጋገሩ። ገንዘቡን የሚይዝ ሰው የወጪ ደብተር ይያዝ። ደብተር በሌለበት ወንድምና እህት ለመካሰስ ጊዜ አይፈጅባቸውም።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለከባድና ለተለየ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ መጠየቅ ይቻላል። ጥቂት ነው። የዓመት ፈቃዳችሁን አንድ ጊዜ ከመጨረስ በቀን በቀን ከፋፍላችሁ ለሕክምና ቀጠሮ እንድትጠቀሙበት አለቃችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ሦስተኛ፦ ሥራውን ጻፉና ቤተሰቡን ሰብስቡ

ከስብሰባው በፊት አንድ ሳምንት የምትሠሩትን ሁሉ መዝግቡ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥታችሁ ሽንት ቤት መውሰዳችሁን፣ አንሶላ ማጠባችሁን፣ አንድ ጉርሻ ለማጉረስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ ፋርማሲ መመላለሱን፣ በር ላይ መጠበቁን። ሌላው ወንድም የሚያውቀው እሑድ ከሰዓት መጥቶ የሚያያቸውን፣ ታጥበው፣ ነጠላ ለብሰው የተቀመጡትን እናቱን ነው። ከዚያ በስተጀርባ ያለውን ሥራ ወረቀት ላይ ካላየ አያምንም፤ አልፈርድበትም።

ስብሰባው ላይ «አግዙኝ» አትበሉ። «አግዙኝ» ሲባል ሁሉም ራሱን ነቅንቆ «እሺ» ይላል፣ ማንም አይመጣም። እያንዳንዱን ሥራ በስም፣ በቀንና በሰዓት አድሉ፦ ረቡዕ ከሰዓት ከ8 እስከ 12 ሰዓት አብራቸው የምትቀመጠው ታናሽ እህት፣ ሆስፒታል ወሳጁ ወንድም፣ ዳይፐርና መድኃኒት ገዢው የአክስት ልጅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ስም በስም ሲከፋፈል ነው። «እኔ ሥራ አለኝ» የሚል ከተነሣ የአስታማሚዋም ቀን ሥራ መሆኑን ወረቀቱን አሳዩት። ጉዳዩ ከከረረ ሁሉም የሚያከብሩትን አንድ አጎት ወይም የንስሐ አባት ሽማግሌ አስገቡ። እስከ መጨረሻው ድረስ ለሚሸሽ ልጅ ሕጉም ቃል አለው፤ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጆች ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ይህን መጥቀስ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ፍርድ ቤት መድረሱን እንኳ ማንም አይመኝም።

ውጭ አገር ያለው ልጅ ገንዘብ ልኮ እንደጨረሰ ይሰማዋል። ገንዘቡ ወሳኝ ነው፤ ነገር ግን የተወሰነና ቀን ያለው ይሁን፣ በወር መጀመሪያ የሚደርስ፣ ለሠራተኛ ደመወዝና ለዳይፐር የተመደበ። ከሱም ሌላ አንድ ሥራ ሊሰጠው ይችላል። አረጋውያኑ የሚረበሹት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። ልጁ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት በቪዲዮ ደውሎ መዝሙር ቢያዘምራቸው፣ የልጅነቱን ነገር ቢያጫውታቸው፣ አስታማሚዋ እራት ታቀርባለች ወይም ዝም ብላ ቁጭ ትላለች።

አራተኛ፦ በየቀኑ የሚያደክሙት ነገሮች

አስታማሚን ከጉልበት ሥራው በላይ የሚያደቅቀው ንግግሩ ነው። ዋና ዋናዎቹን ላንሣ።

«ገንዘቤን ሰረቁኝ።» ይህ የሕመሙ የታወቀ ምልክት ነው፤ የሚጠረጠረውም አብዛኛውን ጊዜ አጠገባቸው ያለው፣ ብዙ የሚለፋው ሰው ነው፤ ልጅቱ ወይም የቤት ሠራተኛዋ። ራሳቸው ደብቀው ረስተውታል። «ማን ይሰርቅሻል!» ብሎ መከራከር እሳቱን ያቀጣጥለዋል። «ውይ፣ የት ገብቶ ይሆን? ነይ እማዬ አብረን እንፈልገው» በሉና ፈልጉ። ትራስ ሥር፣ የበርበሬ ዕቃ ውስጥ፣ መቀነታቸው ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ታገኙታላችሁ። ዝርዝር ብር ሁልጊዜ እጃቸው ላይ ይኑር፤ ገንዘብ የሌለው ሰው መሆን ራሱ ያስፈራቸዋል። ለሠራተኛዋም ገና ስትቀጠር ይህ እንደሚመጣ፣ እናንተ እንደምታምኗት ንገሯት። ካልነገራችኋት በመጀመሪያው ወር ሻንጣዋን ትሸክማለች።

«አልበላሁም።» በልተው አፋቸውን ሳይጠርጉ ለጎረቤት «በረኀብ ሊገሉኝ ነው» ይላሉ። ጎረቤቷ ካላወቀች ወሬው ሰፈር ይዞራል፣ አስታማሚዋም በሰው ፊት «እናቷን የምታስርብ» ትሆናለች። መድኃኒቱ ሕመሙን አለመደበቅ ነው። ለቅርብ ጎረቤቶች በግልጽ ንገሩ። ለእሳቸው ደግሞ ትንሽ ዳቦ ወይም ግማሽ ሙዝ አቅርቡ፤ «አሁን በላሽ እኮ» ማለቱ ምንም አያተርፍም።

«ቤቴ ውሰዱኝ።» ቤታቸው ተቀምጠው ነው የሚሉት። ፒያሳና ካዛንቺስ ግን ይህ ጥያቄ ሌላ ክብደት አለው፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ሰፈር ፈርሷል፣ ብዙ ሰው ተነሥቷል። የሚጠይቁት ቤት በእውነትም የሌለበት ጊዜ አለ። «ፈርሷል» ማለት አያጽናናም፣ ነገም ይጠይቃሉ። ስለ ቤቱ አጫውቱኝ በሏቸው፤ ግቢው ምን ይመስል ነበር፣ ማን ነበር ጎረቤታችሁ? የቆየ ፎቶግራፍ አውጡ። ካልሆነ ነጠላ አልብሳችሁ አንድ ዙር ዞራችሁ ተመለሱ፤ «ደረስን እማዬ» ብላችሁ በሩን ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ ይገባሉ።

«አባትሽ የት ሄደ?» አባት ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። እዚህ ላይ ጠንካራ አስተያየት አለኝ። መርዶ እንኳን ለጤነኛ ሰው ሽማግሌ ተመርጦ፣ ማለዳ ተነሥቶ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ለዚህች እናት «ሞቷል» ባላችኋት ቁጥር ለእሷ አዲስ መርዶ ነው፤ ደረት ትደቃለች፣ ከሰዓት በኋላ ረስታ እንደገና ትጠይቃለች። በቀን ሦስቴ መርዶ ማርዳት ግዴታ አይደለም። «ናፈቀሽ አይደል? ሲያገባሽ ምን ለብሶ ነበር?» በሏት። ይህን ውሸት ነው የሚል ዘመድ ካለ አንድ ሳምንት እሱ ይመልስላት።

አንድን ጥያቄ ሃያ ጊዜ ሲደጋግሙ ደግሞ መልሱ ሳይሆን ሥራ ነው የሚያረጋጋቸው። እጅ የለመደውን የማስታወስ ችሎታ ሕመሙ ዘግይቶ ነው የሚነካው። ሰፌድ ላይ ምስር አፍስሳችሁ ጭናቸው ላይ አስቀምጡላቸው። ጣታቸው ራሱ ይሄዳል፦ ይበትናል፣ ጠጠሯን ለይቶ ወደ ጠርዝ ይገፋል፣ ሰፌዱን ነቀነቅ አድርጎ እፍ ይላል። ትናንት የተለቀመውን ዛሬ መልሳችሁ ብትሰጧቸው የሚጎዳ የለም። ጥጥ ማባዘት፣ ፎጣ ማጠፍ፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ለወንዶች ሬዲዮ፣ ዳዊት መድገም፣ ምስማር በየመጠኑ መለየት፤ የቀድሞ ሥራቸውን ተከተሉ።

ገላ መታጠብ እንቢ ካሉ ምክንያት አለው፤ ብርድ፣ ኀፍረት፣ ራስ ላይ የሚፈስ ውሃ ፍርሃት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «ዛሬ ካልታጠቡ ሌላ ውሃ የለም» የሚለው ጥድፊያ ጠቡን ያባብሰዋል። ቀድማችሁ አጠራቅሙ፣ አሙቁ፣ በርጩማ ላይ አስቀምጡ፣ ትከሻቸውን በፎጣ ሸፍኑ፣ ከእግር ጀምራችሁ በጆግ ቀስ እያደረጋችሁ ወደ ላይ ውጡ። በየቀኑ መታጠብ የለባቸውም። እናት በወንድ ልጅ እጅ መታጠብ ካልፈለገች ሌላ ሴት ትፈለግ፤ ይህ መከበር ያለበት ክብር ነው።

ጠያቂዎችንም አሠልጥኑ። አጎንብሰው «አወቁኝ? እኔ ማን ነኝ? እስቲ ይጥሩኝ!» የሚሉ አሉ። ፈተና መስጠት ይመስላቸዋል ወይ? ገና በር ላይ ሳሉ «እባካችሁ ስማችሁን ነግራችሁ ግቡ፣ ከሁለት ሦስት ሰው በላይ አብራችሁ አትቀመጡ» በሉ። ብርቱካን ይዘው ከሚመጡ ይልቅ አንድ ሰዓት ተቀምጠው አስታማሚዋን እንዲያሳርፉ ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፤ ማንም ስላልጠየቃቸው ነው።

አምስተኛ፦ ቤቱ፣ ሰፈሩና ዕድሩ

ቤት ውስጥ ከሁሉ በፊት እሳት ነው። ከሰል ምድጃ ያለ ሰው አትተዉ፣ በተዘጋ ክፍልም አታጭሱ። የጋዝ ሲሊንደሩን ከራሱ ላይ ዝጉ። መድኃኒት፣ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ ይቆለፍባቸው። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ መብራት ይኑረው፣ የሚያንሸራትት ምንጣፍ ይነሣ።

መጥፋት የሁሉም ሥጋት ነው። ስልክ ቁጥራችሁን የነጠላቸው ጠርዝ ወይም የሸሚዛቸው ውስጠኛ ክፍል ላይ ስፉ፤ ወረቀት ይጥሉታል። በቅርብ የተነሣ ፎቶግራፍ ስልካችሁ ላይ ይኑር። ማወቅ ያለባቸው ሰዎች መታወቂያ ጠያቂዎቹ ሳይሆኑ መንገድ ላይ የሚውሉት ናቸው፤ የሱቁ ልጅ፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎች፣ ሊስትሮዎች፣ የሕንፃ ጥበቃዎች። «እማማ ብቻቸውን ካየሃቸው ያዝልኝና ደውልልኝ» ይበቃል። ከጠፉ መጀመሪያ የድሮውን መንገድ ፈልጉ። እግር ወደ ለመደው ይሄዳል፤ አራዳ ጊዮርጊስ፣ በዓታ፣ ሥላሴ፣ ልደታ፣ ኑር መስጊድ፣ የድሮ መሥሪያ ቤት በር፣ የፈረሰው ቤት የነበረበት ቦታ። ሰፈሩ ስለተለወጠ የሚያውቁት ምልክት ሁሉ ጠፍቷልና አዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር ግራ ተጋብተው ቆመው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ፖሊስ ለመደወል እስኪመሽ አትጠብቁ፤ ነፃ መስመሩ 991 ነው።

ዕድሩን ከሞት በፊት ተጠቀሙበት። ሁለት ነገር ለሰብሳቢው አቅርቡ። አንደኛው አስታማሚዋ ቀብር ባለመውጣቷ እንዳትቀጣ ነው። በሽተኛ ጥላ መውጣት ያልቻለችን ሴት መቅጣት ደንቡን የጻፉት ሰዎች ያሰቡት አይመስለኝም። ሁለተኛው ከአባላት መካከል በሳምንት አንድ ከሰዓት የሚቀመጥ ሰው እንዲመደብ ነው። ማኅበርና ሰንበቴ ካላቸውም እንዲሁ ጠይቁ። «እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ» የሚል ይሉኝታ ካላችሁ ጎረቤት ይጠይቅላችሁ።

ስድስተኛ፦ ጾም፣ ፀበልና መድኃኒት

ጾም ያልፈታች እናት «እስከ 9 ሰዓት አልበላም» እያለች የስኳር መድኃኒት ከዋጠች ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። ከእሷ ጋር አትሟገቱ፤ የንስሐ አባቷን ጥሩና እሳቸው «ፈትቼሻለሁ» ይበሏት። ቃሉን ስለምትረሳው በድምፅ ቅረጹት፤ ሲያስፈልግ ታሰሟታላችሁ። በእስልምናም የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ ነፃ ነውና ሼሁ ወይም ኢማሙ ይንገሯቸው።

ፀበል መውሰድ ከፈለጋችሁ መድኃኒቱ አይቋረጥ፤ ፀበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል። የእንጦጦ ብርድ ለአረጋዊ ከባድ ነው፤ በማለዳ ራቁት ከማስጠመቅ ማስጠጣትና መቀባት ይቀላል። «መንፈስ ነው» ብሎ ማሰር ወይም መግረፍ ግን በምንም ሁኔታ አትፍቀዱ።

ፋርማሲ ሄዳችሁ «እንቅልፍ የሚያስወስድ ስጡኝ» አትበሉ። አንዳንድ የጉንፋን፣ የአለርጂና የእንቅልፍ እንክብሎች፣ አሚትሪፕቲሊንም ጭምር፣ መምታታቱን ያብሱታል። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ ማረጋጊያዎች ደግሞ ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የስትሮክና የሞት አደጋን ይጨምራሉ። ሐኪም ካዘዘ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚቀነስ ጠይቁ።

ሰባተኛ፦ የራሳችሁን ሰውነት ተከታተሉ

እዚህ ላይ «እኔ ምን ሆንኩ» የሚል አስታማሚ ብዙ ነው። እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ጨጓራ ከተነሣ፣ ያለ ምክንያት ዕንባ ከመጣ፣ መጠጥ ከበረከተ፣ ከሰው መሸሽ ከተጀመረ፣ «ምነው በሞቱና ባረፍን» የሚል ሐሳብ ካለፈ፣ እነዚህ የመዛል ምልክቶች ናቸው። የመጨረሻው ሐሳብ ክፉ ሰው አያደርግም፤ ብዙ አስታማሚዎች በልባቸው ይዘውት ይኖራሉ። እጅ ካነሣችሁ ወይም በር ቆልፋችሁባቸው ከወጣችሁ ግን በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ንገሩና ሌላ ሰው ይተካችሁ። ቁጣው ሲመጣ፣ ለአደጋ በማያጋልጣቸው ቦታ አስቀምጣችሁ ከክፍሉ ውጡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ለእህታችሁ ደውሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ወይም አማኑኤል ሂዱ።

ግፊትና ስኳራችሁን ተለኩ። ወላጃችሁን ይዛችሁ በሄዳችሁበት ጤና ጣቢያ ለራሳችሁም ካርድ አውጡ።

በሳምንት ቢያንስ አንድ ግማሽ ቀን ከቤት ውጡ፤ ይህ የድልድሉ አካል ይሁን እንጂ ሲመች የሚደረግ አይሁን። የሚተካችሁ ሰው እንዳይደናገር በአንድ ገጽ ይህን የመሰለ ማስታወሻ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ «እትዬ ብለው ይጥሯቸው፣ አንቱ ይበሏቸው። ሻይ ለብ ያለ፣ ስኳር አንድ። ከ10 ሰዓት በኋላ ይረበሻሉ፣ መዝሙር ይክፈቱላቸው። ስለ ባላቸው ከጠየቁ አይንገሯቸው፣ ስለ ሠርጋቸው ያጫውቷቸው። ሽንት ሲመጣ መቀነታቸውን ይነካካሉ። መድኃኒት ጠዋት 2 ሰዓትና ምሽት 2 ሰዓት፣ ዝርዝሩ ከጀርባ አለ።» ይህ ወረቀት ካለ «ከእኔ በቀር ማንም አይችላቸውም» የሚለው ነገር ግማሹ ይወድቃል።

ስምንተኛ፦ ሰው መቅጠርና አቅም ሲያልቅ

የምትቀጠረው ሴት የቤት ሥራም አስታማሚነትም አብራ እንድትሠራ ከሆነ ሁለቱም ይበላሻል። የሚቻል ከሆነ ለይታችሁ ክፈሉ፣ የዕረፍት ቀኗን አትንኩ፣ ሌሊት ከተነሣች ቀን ትተኛ። ቤት ለቤት የሚሠሩ ነርሶችም በከተማው አሉ፤ ሙሉ ቀን ባይቻል ለቁስል ማጠብ፣ ለካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ)፣ ለምርመራ ናሙና በየተወሰነ ቀን ማስመጣት ይቻላል።

ሕመሙ ሲገፋ አልጋ ላይ ይውላሉ። በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን ማዞር፣ ቆዳቸው እንዳይረጥብ መጠበቅ፣ ሲበሉ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ትን ካላቸው ምግቡን ማለስለስ፣ ከበሉ በኋላ ወዲያው አለማስተኛት። በዚህ ደረጃ አንድ ሰው ብቻውን ሊዘልቅ አይችልም፤ ድልድሉን እንደገና ተቀምጣችሁ አስተካክሉ፣ ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት።

ወላጅን ወደ ማዕከል ማስገባት እኛ ዘንድ እንደ መጣል ይቆጠራል። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሚያነሣው ጧሪና ደጋፊ ያጡትን ነው፤ ዘመድ ያላቸውን ለማሳረፊያ የሚሆን ቦታ አይደለም። ቤተሰብ ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲቆይ ከተፈለገ ለሠራተኛ፣ ለዳይፐርና ለነርስ የሚወጣውን በወር ደምሩና ለእያንዳንዱ ልጅ ድርሻውን ጽፋችሁ ስጡ። መክፈል የማይችለው በሰዓት ይክፈል፤ የትኛውን ሌሊት እንደሚያድር ከስሙ ጎን ይጻፍ።